ሥራ የፈቱ ጆሮዎች

አንድ የባህል ልብስ ነጋዴ ያደገባትን ከተማ ልካስ ብሎ ከትምህርት ቤቷ አጥር ጎን ቤተ መጻሕፍት አሠራ። ነጋዴው ደባልቄ ይባላል። ከተማዋ የሸማኔ ከተማ ነበረች፤ ደባልቄም ሸማኔዎቹ የሠሩትን ጋቢና ነጠላ እየገዛ ሩቅ ገበያ በመላክ ነበር ስሙ የተጠራው፣ ቤቱም የሞላው።

ከትምህርት ጋር ግን ብዙ አልተዋወቀም። ልጅ ሳለ ፊደል ቆጥሯል፤ ንባቡ ሳይቀናለት አባቱ ሞተበትና ወደ ገበያ ወጣ። ስሙን ይጽፋል፤ የዕቃ ስም እያዘገመ ያነባል። ረዘም ያለ ጽሑፍ ሲመጣለት ግን ኪሱን ዳበስ ዳበስ ያደርግና «መነጽሬን ረሳሁት፤ እስቲ አንተ አንብብልኝ» ብሎ ለጸሐፊው ያቀብላል። መነጽር ኖሮት አያውቅም። ይህን የሚያውቁት እሱና ሚስቱ ብቻ ነበሩ።

እናም ቤቱን ያሠራው ለታይታ አልነበረም። «እኔ ያጣሁትን እነሱ አይጡ» ብሎ ነው። ግድግዳው በጥርብ ድንጋይ ተሠራ፤ መደርደሪያው ከጥሩ እንጨት ተጠረበ፤ መጻሕፍቱ ከዋናው ከተማ በጭነት መኪና መጡ። አንድ የተማረ ወዳጁ ደግሞ «የትልልቅ ቤተ መጻሕፍት ወጉ ጸጥታ ነው» ስላለው፣ ጽሑፍ ጻፊ ጠርቶ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ አንድ ሰሌዳ አሰቀለ። በወርቅማ ቀለም «እዚህ ቤት ድምፅ ማሰማት ክልክል ነው» ይላል።

የምረቃው ዕለት ሽማግሌዎች መረቁ፤ ተማሪዎች ዘመሩ፤ ሹማምንት ተናገሩ። ደባልቄ ሪባኑን ቆርጦ ሲያበቃ ደረቱ ሞልቶ ወደ ቤቱ ሄደ። ለሚስቱም «እንግዲህ የኔን ድርሻ ተወጣሁ፤ የቀረው የልጆቹ ነው» አላት።

ከዚያ በኋላ ንግዱ ወሰደው። ከአገር አገር ሲዞር ከርሞ ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ጠባ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ማንም ሳይጠራው ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ጎራ አለ።

ቤቱ አሁንም አዲስ ቀለም፣ አዲስ ቀለም ይሸታል። መጻሕፍቱ በመጡበት አሰላለፍ ቆመዋል። አንዱን ሳብ ቢያደርገው ጎኑ ካለው ጋር ተጣብቆ ኖሮ ሁለቱ አብረው መጡ። ጥግ ላይ ሁለት ተማሪዎች ካፊያ ሸሽተው ገብተው ቁጭ ብለዋል፤ ድምፅ ክልክል ስለሆነ በእጃቸው ምልክት እያወሩ ይሣሣቃሉ። ከእነሱ በቀር ያለችው መምህርት ውባለም ብቻ ናት። ውባለም የስድስተኛ ክፍል አማርኛ አስተማሪ ስትሆን፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ቤቱን የምትጠብቀውም እሷ ነበረች።

«አንባቢዎቹ የት አሉ?» አላት።

«እኔም እየጠበቅኋቸው ነው» አለችው።

ደባልቄ ዙሪያውን አየ። ፊቱ ተለዋወጠ።

«የዘመኑ ልጅ! ወርቅ ዘርግተህለት ጠጠር ይለቅማል! ስሚኝ መምህርት፣ እስከ ጥምቀት እታገሣለሁ። እስከዚያ ቤቱ ሰው ካላገኘ ጋቢ አከማችበታለሁ። ጋቢ ቢያንስ ፈላጊ አለው።»

ውባለም አልተከራከረችውም። «ያሠሩት እርስዎ ነዎት፤ ያሉትን ማድረግ ይችላሉ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ልጆቹን ለምን እንደማይመጡ ጠይቀዋቸው ያውቃሉ?»

«ምኑ ይጠየቃል? ስንፍና ነዋ!»

«እኔም እንደዚያ እል ነበር። አሁን ግን እርግጠኛ አይደለሁም» አለችው።

ደባልቄ ሳይሰናበታት ወጣ። ጥያቄዋ ግን ተከትሎት ወጣ።

በማግስቱ ለበዓል ገበያ ጋቢ ሊያዝ ወደ ሸማኔዎቹ ሰፈር ወረደ። ሸማኔዎቹ የሚሠሩት በአንድ ረጅም ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ነው። እያንዳንዱ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ሰድዶ መርገጫውን ይረግጣል፤ በእጁ መወርወሪያውን ከግራ ቀኝ ያመላልሳል፤ ዓይኑን ከድሩ ላይ አይነቅልም። ከጧት እስከ ማታ ቤቱ ጧ ጧ ሲል ይውላል። የሁሉም ታላቅ ጋሽ ወልደሃና ናቸው። ደባልቄ ገና ብር ሳይኖረው በዱቤ ሸማ የሰጡት እሳቸው ስለሆኑ እስከ ዛሬ ቆሞ ነው የሚያናግራቸው። ከአጠገባቸው ልጃቸው ፍኖት ተቀምጣ ክር ታጠነጥናለች። እጇ ፈጣን ነው፤ ክሩ አንዴም አይበጠስባትም።

ደባልቄ ዋጋውን ተነጋግሮ ከጨረሰ በኋላ ልጅቷን አያት።

«ስንተኛ ክፍል ነሽ?»

«ስድስተኛ፣ ጋሼ።»

«እኔ ያሠራሁትን ቤት ገብተሽ አይተሽዋል?»

«አንድ ጊዜ ገብቼ ነበር።»

«ከዚያ በኋላስ?»

ፍኖት ወደ አባቷ ዞረች። ጋሽ ወልደሃና «ተጠይቀሻል፤ መልሺ» አሏት።

«ቤቱ በጣም ያምራል፣ ጋሼ። ግን ዝም በሉ ይላል።»

«ታዲያ ለማንበብ ዝም ማለት አይበጅም?»

«ለሚችል ሰውማ ይበጃል። እኔ ግን ፊደሉን አንድ በአንድ በአፌ ካልጠራሁት አይገባኝም። እዚያ ቤት ድምፄን ሳሰማ ሁሉም ዞረው አዩኝ።» ክሩን ጠበቅ አድርጋ ያዘችው። «የክፍሌ ልጆች ብዙዎቹ እንደኔ ናቸው። ግን አንነጋገርበትም። እንዳይታወቅብን ብለን ነው የማንገባው።»

ደባልቄ ለጋቢዎቹ ቀብድ እንኳ ሳይሰጥ ወጣ። መንገዱን ሁሉ «እንዳይታወቅብን» የሚለው ቃል ጆሮው ላይ ያቃጭላል። ያንን ቃል ከማንም በላይ ያውቀዋል። ሰው ፊት ወረቀት ሲሰጠው እጁ እንዴት እንደሚያልበው፣ ኪሱን የሚዳብሰው ምን ሊሸሽግ እንደሆነ ያውቀዋል። እሱ ዕድሜውን ሁሉ ሲሸሸው የኖረውን ነገር፣ ልጆቹ እንዲሸሹት የሚያደርግ ቤት በገዛ እጁ አሠርቶላቸዋል።

በቀጥታ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄዶ ወንበር አስጠግቶ ወጣና ሰሌዳውን ነቅሎ አወረደው። ውባለም ወንበሩን ደግፋ ያዘችለት።

«ልጅ እንዴት ስድስተኛ ክፍል ደርሳ ማንበብ ያቅታታል?» አላት ከወረደ በኋላ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

«ልጅ ንባብ የሚለምደው የሚሰማው ሰው ሲኖር ነው» አለችው። «ሲሳሳት የሚታገሠው፣ ሲቀናው ደስ የሚለው ሰው። ክፍሌ እስከ በሩ ሙሉ ነው። አንዱን ላድምጥ ስል ለሌላው ሳይደርሰው ደወል ይደወላል፤ ዓመቱም እንዲሁ ያልፍና ልጁ ክፍል ይቀይራል። ቤታቸው ሲገቡ ደግሞ ወላጅ ሥራ ላይ ነው። መጻሕፍት አመጡልን፤ እግዜር ይስጥልን። የጎደለን ጆሮ ነው።»

ደባልቄ ሰሌዳውን ግድግዳው ሥር አስደገፈው። «እኔ ነጋዴ ነኝ» አለ። «የጎደለ ነገር ሲኖር፣ ያ ነገር ሥራ ፈቶ የተቀመጠበትን ቦታ መፈለግ ነው ሥራዬ።» ይህን ሲል ያ ረጅም ቆርቆሮ ቤት በዓይኑ መጣ። የሸማኔ እጅ ሥራ ይዟል፤ እግሩም ሥራ ይዟል፤ ዓይኑ ከድሩ አይላቀቅም። ጆሮው ግን ቀኑን ሙሉ ባዶውን ይውላል።

ውባለምን ይዞ ወደ ሸማኔዎቹ ተመለሰና ሐሳቡን ነገራቸው። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲወጡ እዚህ መጥተው ጮክ ብለው ያንብቡ፤ እናንተ እየሠራችሁ አድምጡ፤ ሌላ ምንም አልጠይቃችሁም አላቸው።

ከዚያ ታንቱ የሚባል ወጣት ሸማኔ ከጉድጓዱ ቀና አለ። ታንቱ ምላሱ እንደ መወርወሪያው ፈጣን ነው ይሉታል።

«ጋቢያችንን እርስዎ ባሉት ዋጋ ይገዛሉ፣ አቶ ደባልቄ። አሁን ደግሞ ጆሯችንን ሊገዙ መጡ?»

አንዳንዶቹ ሣቁ። ደባልቄ ፊቱ ቀላ፤ ግን አልተቆጣም።

«ጆሮ አይገዛም» አለ። «ልለምን ነው የመጣሁት።»

ከዚህ ሰው አፍ «ልለምን» የሚል ቃል ሰምተው አያውቁም ነበርና ሣቁ ቆመ። ጋሽ ወልደሃና መወርወሪያቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ።

«እኛ ብዙዎቻችን ፊደል አልቆጠርንም። ልጁ ሲሳሳት በምን አውቀን እናርመዋለን?»

«ማረሙን ለእኔ ይተዉት» አለች ውባለም። «እናንተ አድምጡ ብቻ። ያልገባችሁ ነገር ሲመጣ 'አልገባኝም፤ ድገሚው' በሉ። የተሳሳተ ቃል ትርጉም አይሰጥም፤ ልጅቷ ስትደግመው ራሷ ታገኘዋለች።»

ሽማግሌው ልጃቸውን አዩ። «እንግዲያው ከኔው ይጀመር» አሉ።

ፍኖት በማግስቱ ከቤተ መጻሕፍቱ አንድ መጽሐፍ ይዛ መጣች። ቤቱ መሐል የክር ከረጢት ላይ ጀርባዋን ለሰዉ ሰጥታ ተቀመጠች። ታሪኩ በቅሎዋ የጠፋባት የአንዲት ባልቴት ታሪክ ነው። መጀመሪያ ድምፅዋ ከመርገጫው ጧ ጧታ በላይ አልወጣም። «አልሰማሁም፤ ከፍ አድርጊው» አሏት ከወዲያ። ከፍ አደረገችው። «ባል… ባልቴ… ባልቴቷ ጧት ተነሥታ…» አለች። ላብ አጠመቃት። ቤቱ ጫጫታ ነውና አንደበቷ ሲያዝ ማንም ዞሮ አላያትም፤ ማንም ሥራውን አላቆመም። ጥቂት በጥቂት ትከሻዋ ረገብ አለ። ገጹ ሲያልቅ ባልቴቷ በረቷን ከፍታ የበቅሎዋ ገመድ በስለት ተቆርጦ አገኘችው። ፍኖት መጽሐፉን ዘጋች።

መርገጫዎቹ አንድ በአንድ ቆሙ።

«ከዚያስ?» አለ ታንቱ።

«ለዛሬ የተለማመድኩት እስከዚህ ነው።»

«እንዴት እስከዚህ ነው? ገመዱን የቆረጠው ማነው?»

«እኔም ገና አላወቅሁም» አለች ፍኖት፤ ሳታስበውም ሣቀች።

በማግስቱ ደወሉ እንደተደወለ ፍኖት ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሮጠች። የሚቀጥለውን ገጽ ጮክ እያለች ደጋግማ ተለማመደች፤ የከበዳትን ውባለም አጠገቧ ሆና አገዘቻት። ድምፅ ማሰማት እንደተፈቀደ ያዩ ሁለት ሦስት የክፍሏ ልጆች ገቡ። እነሱም መጽሐፍ አነሱ። ቆርቆሮው ቤት በየቀኑ አንድ አንድ ገጽ ይሰማል፤ ሸማኔዎቹም ስለ ሌባው መከራከር ጀመሩ። ታንቱ «አማቿ ነው» አለ፤ ሌላው «አማች እንዲህ አያደርግም» አለ። ቤታቸው ሲገቡ ለሚስቶቻቸው ይተርካሉ፤ ሚስቶቻቸውም ጉሊት ወስደው ያወሩታል። ደባልቄ የገዛውን ጋቢ ሊያስጭን ሲመጣ ትንሽ ትንሽ መዘግየት ለመደ።

ነገሩ እንዲህ ሲቀና ሳለ አንድ ቀን የትምህርት ቤቱ ጎረምሶች ቆርቆሮው ቤት በር ላይ ተሰበሰቡ። ከእነሱ መሐል ንባቡ እንደ ውኃ የሚፈስ አንድ ተማሪ ነበር፤ «ቀልጣፋው» ይሉታል። ፍኖት ባልቴቷ ወንዝ ዳር የደረሰችበትን ገጽ ስታነብ አንድ ቃል ላይ ተያዘች። ያን ጊዜ ቀልጣፋው ከበሩ ላይ ሆኖ አፉን እያጣመመ «ባ… ባ… ባል… ቴ… ቷ!» አላት። ጓደኞቹ ሣቁ። «ስድስተኛ ክፍል ሆና!» አለ አንዱ።

ፍኖት መጽሐፉን ከረጢቱ ላይ ጥላ ወጣች።

በማግስቱ አልመጣችም። በሌላው ቀንም እንደዚያው። ነገሩ በትምህርት ቤቱ ተወራና ሌሎቹም ልጆች ከቤተ መጻሕፍቱ ቀሩ። ጋሽ ወልደሃና ደባልቄን ሲያዩት ራሳቸውን ነቀነቁ። «ከእንግዲህ አላነብም ብላለች። አባት ነኝ፤ ብገሥጻት ሥራዬን ትሠራ ይሆናል፤ ንባብ ግን በግሣጼ አይሆንም» አሉት።

ጥምቀት እየደረሰ ነው። ደባልቄ «ሞክሬ ነበር፤ አልሆነም» ቢል የሚወቅሰው አልነበረም። ጋቢውን ቢያከማች የሚቃወመው አልነበረም። ሚስቱ ግን እራት ላይ ጉርሻውን ሲያንከባልል አይታ «ምን ሆነሃል?» ብትለው፣ «ያቺ ልጅ ያፈረችበት ነገር እኔ የምሸሽገው ነው» አላት። «እንግዲያው ማፈሩን ተካፈላታ» አለችው ሚስቱ።

የገበያ ቀን መጣ። በገበያ ቀን ቆርቆሮው ቤት በሰው ይሞላል፤ ገዢው፣ መንገደኛው፣ ተማሪው ሁሉ እዚያ ነው። ቀልጣፋውና ጓደኞቹም በሩን ተደግፈዋል። ደባልቄ ነጭ ጋቢውን እንደለበሰ ገባና ያ የክር ከረጢት ላይ ተቀመጠ። መጽሐፉን አነሣው።

«መነጽርዎን ይዘዋል?» አለ ታንቱ፤ ብዙ ጊዜ ወረቀት ሲያስነብብ አይቶት ነበርና።

ደባልቄ እጁን ወደ ኪሱ ሊሰድ ሲል ተወው።

«መነጽር ኖሮኝ አያውቅም» አለ ሁሉም እንዲሰማ። «የጎደለኝ ንባብ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ስሸሽገው ኖርኩ። ዛሬ ደከመኝ።»

ከዚያም ማንበብ ጀመረ። ያነበበው እንደ ሕፃን ነው። ጣቱን ከፊደል ፊደል ያስኬዳል፤ ይቆማል፤ ወደ ኋላ ይመለሳል። በሩ ላይ ያሉት ልጆች መጀመሪያ ሣቁ። ወዲያው ግን ማን ላይ እንደሚሥቁ ሲያስተውሉ ሣቃቸውን ዋጡት። የከተማዋ ሀብታም በሰው ሁሉ ፊት እያላበው «ባልቴቷም… በቅሎዋን ፍለጋ… ወንዙን… ተሸከመች» አለ።

ጋሽ ወልደሃና መርገጫቸውን አቆሙ። «አልገባኝም፤ ድገመው» አሉ ኮስተር ብለው። «ወንዙን እንዴት አድርጋ ተሸከመችው?»

ቤቱ በሣቅ ፈነዳ። ደባልቄም ራሱ እስኪያስለው ሣቀ። ሣቁ ሳይበርድ ከሰዉ ኋላ ቀጭን ድምፅ ተሰማ።

«ተሻገረች ነው፣ ጋሼ።»

ፍኖት ናት። ለአባቷ ምሳ ልታደርስ መጥታ ሰሐኑን እንደያዘች ቆማ ኖሯል።

«የት ላይ?» አላት ደባልቄ።

መጥታ አጠገቡ ተቀመጠችና በጣቷ አሳየችው። እሱ አንድ መስመር አነበበ፤ እሷ ቀጣዩን አነበበች፤ እየተቀባበሉ ባልቴቷን ወንዙን አሻገሯት። ማዶ ላይ የበቅሎዋ ድምፅ ሲሰማ ገጹ አለቀ፤ ቤቱም በአንድ አፍ «ከዚያስ?» አለ።

ደባልቄ ቀና ብሎ በሩን አየ። «አንተ ልጅ፣ ትችላለህ ይባላል። ና እስቲ ቀጥልልን» አለው ቀልጣፋውን።

ልጁ ያፈረ ፊቱን ይዞ ገባና ያነብ ጀመር። እንደተባለውም ንባቡ ውኃ ነው፤ ሳይንጠባጠብ ወረደ። ሸማኔዎቹ ግን እርስ በርስ ተያዩ። «አልገባንም። ቀስ በል፤ ለኛ አንብብ እንጂ ለራስህ አትሩጥ» አሉት። ልጁ ደነገጠ። እስከ ዛሬ ያነበበው ለውጤት ነበር እንጂ ለሰው ጆሮ አንብቦ አያውቅም። ዝግ ብሎ ደገመው። በዚያ ቀን ቀልጣፋውም አንድ ነገር ተማረ፤ ከዚያ ወዲህም ፍኖት ላይ ሲሥቅ የሰማው የለም።

ወሬው ከተማዋን ዞረ። ትልቁ ሰው ሲንተባተብ ያዩ ልጆች መንተባተባቸውን መሸሸግ ተዉ። ከሸማኔዎቹ ቀጥሎ ያሉት ልብስ ሰፊዎች «እናንተ ቤት ሁልጊዜ ሣቅ አለ፤ ለኛም አንባቢ ላኩልን» አሉ። መጽሐፎቹ በብናኝና በቅባት ሲቆሽሹ አይተውም ከቁርጥራጭ ጨርቅ ልባስ ሰፉላቸው። ሸክላ ሠሪዎቹ ቀጠሉ። ፀጉር አስተካካዩ ተራ የሚጠብቅ ሰው ዝም ብሎ ከሚቀመጥ ልጅ ያንብብለት አለ። ወፍጮ ቤት ደጅ ሰልፍ የያዙ እናቶችም የራሳቸውን አንባቢ ጠየቁ። የሰፈሩ እድር ነገሩን በስብሰባው አንሥቶ «የልጆቹ ድምፅ የሁላችንም ነው» አለና፣ የትኛው ልጅ የት እንደሚያነብ ከመምህራኑ ጋር ሆኖ ይደለድል ጀመር። አናጢውም ልጆቹ መጽሐፍ ይዘው የሚሄዱበት ቀለል ያለ ሣጥን ሠራ። መጽሐፍ አልጠፋም፣ ገጽ አልተቀደደም አይባልም፤ ጠፋም ተቀደደም። ግን የተቀደደውን የሚለጥፍ እጅ ሁልጊዜ ይገኝ ነበር።

ጥምቀት መጣ፤ ሄደም። ስለ ጋቢው ክምችት ማንም አላነሣም። ቤተ መጻሕፍቱ ከሰዓት በኋላ እንደ ገበያ ይንጫጫል፤ ልጆች ነገ የሚያነቡትን ዛሬ ጮክ ብለው ይለማመዳሉ። መደርደሪያዎቹ ጥርሱ እንደወላለቀ ልጅ አፍ እዚህም እዚያም ክፍት ሆነዋል።

ክረምት ሊገባ ሲል አንድ ቀን ደባልቄ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ገባ። ውባለም ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ወደ አንድ መስኮት አመለከተችው። ፍኖት መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ታነባለች። ከንፈሯ አይንቀሳቀስም። በዙሪያዋ ሌሎች ይጮኻሉ፤ እሷ ግን መጽሐፉ ውስጥ ገብታ አትሰማቸውም። ዝም በይ ያላት የለም፤ ዝምታው በራሱ ጊዜ መጥቶላት ነው። ደባልቄ ዓይኑ እንባ ሞላ፤ እንዳይረብሻትም በእግሩ ጫፍ ወጣ።

በሚቀጥለው ዓመት ከጎረቤት ከተማ አንድ ባለጸጋ ሊጠይቀው መጣ። የከተማዋን ነገር ሰምቶ ቀንቷል።

«እኔም ለልጆቻችን እንዳንተ ያለ ቤት ላሠራ ነው» አለው። «ጣሪያው ምን ይሁን? መደርደሪያው ከምን እንጨት ይጠረብ?»

«እሱን ኋላ ትደርስበታለህ» አለው ደባልቄ። «መጀመሪያ ጆሮ ሰብስብ።»

«ጆሮ? ጆሮ ከየት ይሰበሰባል?»

«ከተማህ ሞልቷል። እጁ ሥራ ይዞ ጆሮው ሥራ የፈታውን ሰው ሁሉ ሂድና ለምነው። ስትለምን ግን ከራስህ ጀምር።»

ሰውየው «ማንበብ የሚችል ሰው ብቻ ነው የምለምነው?» አለ።

ደባልቄ ሣቀ። «የኔን ልጆች አንባቢ ያደረጓቸው አብዛኞቹ ፊደል ያልቆጠሩ ሰዎች ናቸው። 'ከዚያስ?' ማለት ብቻ ነው የሚያስፈልገው።»

ወዳጆቼ፣ መጽሐፍ መስጠት መልካም ነው፤ ቤት መሥራትም መልካም ነው። ነገር ግን ልጅ አንባቢ የሚሆነው ከመጽሐፉ ወዲያ ማዶ የሚጠብቀው ሰው ሲኖር ነው። ትምህርት ቤት ብቻውን ይህን ሰው ሊሆን አይችልም፤ ሸማኔውም፣ ልብስ ሰፊውም፣ ወፍጮ ቤት ደጅ ተራ የሚጠብቀውም የዚህ ሥራ ባለቤት ነው። ልጆቻችን አያነቡም ብለን ከማማረራችን በፊት፣ ሲያነቡ ያደመጥናቸው መቼ ነው ብለን እንጠይቅ። ደግሞም እኛው እያፈርን የሸሸግነውን ነገር ልጆቻችን ሳያፍሩ እንዲጋፈጡት መጠበቅ የለብንም። ቀድሞ መንተባተብ የትልቅ ሰው ድርሻ ነው።

ዛሬ ቤትዎ ሲገቡ አንድ ልጅ መጽሐፍ ይዞ ያገኙ ይሆናል። ሥራዎን ሳያቋርጡ፣ እጅዎ የያዘውን ሳይጥሉ፣ ጆሮዎን ያውሱታል?